የሲራጅ እጅ

በቤቴ ውስጥ «የሲራጅ እጅ» የሚባል ነገር አለ። ልጆቼ ጎጆ ወጥተው በየፊናቸው ከተበተኑ በኋላም ይዘውት ሄደዋል። በችኮላ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ጣቱን ሲቆርጥ፣ ላጲስ በኃይል ተፈትጎ ደብተር ሲቀደድ፣ ቁልፍ በጉልበት ሲጠመዘዝ በሩ ውስጥ ተሰብሮ ሲቀር፣ አንዳቸው «የሲራጅ እጅ» ይላሉ፤ የቀሩት ይስቃሉ። ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። አራት ልጆች ያሳደግሁት በቁጣና በምክር ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደበዛ እነሱ ይናገሩ። ምክሬ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ግን በአንድ ታሪክ ላይ ነበር፤ ሲራጅ የሚባል የዳባት ሰው በችኮላው የመንግሥት ሞተር አበላሽቶ፣ ሲጠየቅ ክዶ፣ ስሙ ጠፍቶ አገር ለቆ የሄደበት ታሪክ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ታሪኩ ውሸት ስለሆነ ነው። ሲራጅ ምንም አላበላሸም። ያበላሸሁትም የካድሁትም እኔ ነኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰው የልጄ የትርሲት ሞተር ነው። ትርሲት የመጨረሻ ልጄ ናት፤ እዚሁ ደባርቅ በጤና ሥራ ላይ ሆና በየገጠሩ ጤና ኬላ በሞተር ትዞራለች። ዘንድሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከጃናሞራ በኩል ስትመለስ ሞተሯ እያስነጠሰ ደረሰ። ቤንዚኑ ውስጥ ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ ሥራው ካርቡራተሩን ከሥሩ ከፍቶ ማፍሰስ ብቻ ነው። የሚከፈተው ደግሞ ጭንቅላቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ባለው በአንድ ትንሽ ብሎን ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ እኔ ግን እስካሁን ካቻቪቴ ከእጇ እቀማለሁ። «አንቺ አትነካኪው፤ እኔ እያለሁ» አልሁና ያዝሁት። ካቻቪቴዬ አሮጌ ነው፤ ጫፉ ደንዝዟል። በብሎኑ ቀዳዳ ውስጥ በልኩ እንዳልተቀመጠ እጄ ነግሮኝ ነበር። ሌላ ፈልጊ ማለት ሲገባኝ ጨከን አድርጌ ጠመዘዝሁት፤ ተንሸራተተ። ደገምሁት፤ ተንሸራተተ። በሦስተኛው መስቀሉ ጠፍቶ ክብ ጉድጓድ ሆነ። ብሎን እንዲህ ሲሆን ተበላ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም ካቻቪቴ አይዘውም። ትርሲት ቁጢጥ ብላ አየችውና «አባዬ፣ የሲራጅ እጅ ሆነብህ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አባትን እንዲህ ብለሽ እንድትናገሪ ነው ወይ ያሳደግሁሽ ብዬ ተቆጣሁ። እሷ ቁጣዬን ለምዳዋለች። ከመናኸሪያው በታች አንድ ሽማግሌ ሞተር ጠጋኝ ከመጡ ዓመት እንዳለፋቸው፣ እጃቸው ዝግ ያለ ቢሆንም የተበላ ብሎን በማውጣት የሚደርስባቸው እንደሌለ ነገረችኝ። ስማቸውን አታውቀውም፤ ሰው ሁሉ «ሐጂ» ነው የሚላቸው። ሞተሩን እየገፋን ወረድን። ጉሙ ከገደሉ በኩል ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ተኝቶ ስለነበር የመናኸሪያው ጩኸት ይሰማል እንጂ መኪናዎቹ አይታዩም።

በራፉ ላይ ስንደርስ መጀመሪያ የመጣብኝ የላምባ ሽታ ነው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፤ እኛን ቀና ብለው ሳያዩ ብሎኑን በጨርቅ ጠረጉ፣ ከጠርሙስ ላምባ በጥጥ ነክረው ሦስት ጠብታ አንጠባጠቡበት፣ ከዚያም ትተውት ወደ ሌላ ሰው ጎማ ዞሩ። ትርሲት እንዲህ ትተውት ይሄዳሉ ወይ ብትላቸው፣ ላምባው እስኪገባበት የእኛ እጅ ምንም እንደማይሠራ በረጅሙ አስረዷት። ጢማቸው በሂና ቀልቷል፣ ትከሻቸው ጎብጧል፣ ድምፃቸው ሻክሯል፤ በመልካቸው ቢሆን አላውቃቸውም ነበር። ያወቅኋቸው ብሎኑን ትተው በመሄዳቸው ነው። በሕይወቴ እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው ያየሁት። ከበሩ አጠገብ በነበረ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥሁ።

ያኔ ሞተር ሳይክል ዶቅዶቄ ነበር የሚባለው። የዳባት ዋና መንገድ ኮረኮንች ስለነበር ከጎንደር የሚመጣው አውቶቡስ ራሱ ሳይታይ አቧራው ይታያል። በስሙኒ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ ስኳሩ የሚጨመረው በባለቤቱ እጅ ነው እንጂ ዛሬ እንደሚደረገው ዕቃው ፊትህ አይቀመጥም። እኛ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ከታች የሰፋ የቴትረን ሱሪ ለብሰን መንገዱን በሱሪያችን እየጠረግን እንሄዳለን፤ ፀጉራችን ተነፍቶ ሚዶ ከኋላው ይሰካበታል፤ ከሱሪው በታች ግን አብዛኞቻችን የምናደርገው ኮንጎ ጫማ ነበር። ወደ ኮሶዬ በሚወጣው መንገድ ጫፍ አንድ ሻይ ቤት ነበር። ባለቤቱ የራዲዮኑን ባትሪ ድንጋይ ቀን ቀን ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ያስመታና ከሰዓት በኋላ መልሶ ይከተዋል፤ የክራር ዘፈን ሲመጣ የባቄላ ነጋዴው ሳይቀር ዋጋ መጥራቱን አቁሞ ይሰማል። አሁን በዚያ ማዕዘን ፎቅ ቆሟል፤ ከፎቁ ሥር የሚያልፈው ወጣት በጆሮው የሚሰማውን ዘፈን ለብቻው ነው የሚሰማው። ከሻይ ቤቱ ጎን ደግሞ የሲራጅ መደብ ነበረች፤ ከላይዋ አንድ ቅጠል ቆርቆሮ፣ በግድግዳዋ ላይ ደግሞ በተርታ የተሰቀሉ የሳልሳ ጣሳዎች። በየጣሳው ውስጥ ብሎን በየመጠኑ ተለይቶ ተቀምጧል። ብስክሌት፣ የስፌት መኪና፣ የማሾ መብራት፣ የተሰበረ ሚዛን፣ ምንም ይሁን ምን የዳባት ሰው የሚወስደው ወደ እሱ ነበር። ጥፍሩ ሥር ዘይት የጠቆረ ሰው ነው፤ ሲሠራ ግን ብራና ላይ ሐረግ የሚስል ደብተራ ይመስላል። እድሜያችን እኩል ነበር።

እኔ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበርሁ። ጣቢያችን አንዲት ቀይ ዶቅዶቄ ነበረችው፤ ነጂዋ እኔ ነኝ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁት፤ የቀረውን በራሴ ነው የተማርሁት፣ ይህን ደግሞ ሰው ሳይጠይቀኝ የምናገር ሰው ነበርሁ፤ አሁንም ሳልሆን አልቀርም። የሞተሯን መጽሐፍ ከመዝገበ ቃላት ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ ቃል በቃል እየፈታሁ አንድ ክረምት ሙሉ አነበብሁት። ጨርሼ ስዘጋው ከሲራጅ የማንስበት ነገር አልታየኝም። የጣቢያው ኃላፊ ግን ሞተሯን ከሲራጅ በቀር ማንም እንዳይፈታት አዝዞ ነበር። ፊደል በቅጡ የማይቆጥር ሰው ሲፈታት፣ መጽሐፉን ያነበብሁ እኔ ዳር ቆሜ ጨርቅ ማቀበሌ ያንገበግበኝ ነበር። ዛሬ ስሙን ጠርቼ ልንገራችሁ፤ ቅናት ነው።

አንድ እሑድ፣ ጣቢያው ውስጥ ማንም በሌለበት፣ የሞተሯን የጎን ክዳን ልፍታ ብዬ ተነሣሁ። ሲራጅ ከሦስት ቀን በፊት አስተካክሎ መልሷት ነበር፤ ያጎደለውን አገኝበታለሁ ብዬ ነው። ከዕቃ ቤት ያገኘሁት ካቻቪቴ ለብሎኑ ልክ አልነበረም። በሁለት እጄ ይዤ በጉልበት ጠመዘዝሁት፤ ሸርተት ሲል መዳፌን ቀደደው፣ ብሎኑንም በላው። አንዱን ብሎን እንኳ ሳልፈታ ሥራዬ አለቀ። ያኔ ሄጄ ሲራጅን፣ ና ይቺን አውጣልኝ ብለው ኖሮ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ነገር ነው። እኔ ጉድጓዱን ግሪስ ሞላሁበት፤ በላዩ አፈር ነሰነስሁበትና እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ሞተሯ ዳገት ላይ መጮህ ጀመረች፤ እየገፋሁ አመጣኋት። ሲራጅ ተጠርቶ መጣና ክዳኑን ሊፈታ ግሪሱን ሲጠርገው የተበላውን ብሎን አየና ቆመ። «ይህን ማን ነካው?» አለ። ኃላፊው፣ ካንተ በቀር ማን ይነካዋል፣ ብሎ ነገሩን በዚያው ሊቆርጠው ነበር። ሲራጅ እሺ አላለም። እንግዲያስ በባላገሩ ደንብ አውጫጭኝ እንቀመጥ ተባለና ግቢው ውስጥ ከባሕር ዛፉ ሥር ሁላችንም ተሰበሰብን። ከሲራጅ ሌላ አምስት ነበርን፤ ኃላፊው፣ ጥበቃው፣ ሌላው የክትባት ሠራተኛ፣ የንብረት ክፍሏ እትዬ ዘነቡና እኔ። እያንዳንዱ በተራው እየተነሣ የሚያውቀውን ይናገራል፣ ያላወቀ አላውቅም ብሎ ይምላል። ተራዬ ሲደርስ ቀኝ እጄ በካኪ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ቁስሉ አልጠገገም። «ሲራጅ ሠርቶ ከመለሳት ወዲህ የፈታት የለም። በማርያም» አልሁ። ብዙ ዓመት፣ ሲራጅ አጠፋ ብዬ እኮ አልተናገርሁም እያልሁ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ይህም አንድ ሌላ ውሸት ነው። አነጋገሬን አስቀድሜ የመዘንሁት እሱ ላይ እንዲወድቅ ነበር።

አሁን ስለ እትዬ ዘነቡ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ በእሳቸው ላይ ነውና። ከሁላችን የሚበልጡ ሴት ነበሩ። ሲራጅ እናቱ የሞተችበት ልጅ ሆኖ በግቢያቸው አጥር ሥር ነው ያደገው። እኔ «እርስዎ» ስላቸው፣ እሱ እንደ እናት «አንቺ» ነበር የሚላቸው። ሃይማኖቱ የእኛን ሥጋ ስለማይፈቅድለት በየፋሲካው አንድ ዶሮ ከነነፍሷ አስረው ይሰጡታል፤ በወገኖቹ አሳርዶ ይበላል። እሱ ደግሞ በኢድ ቀን ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ይመጣና የስፌት መኪናቸውን ዘይት ቀብቶ፣ መርፌዋን አስተካክሎ ይሄዳል። ያን ቀን ከባሕር ዛፉ ሥር እኔን አዩኝ፣ እሱን አዩት። እኔ ጠዋት ጠዋት ዳዊት የምደግም ሰው ነበርሁ፤ የማርያምን ስም ጠርቼ እዋሻለሁ ብለው እንዴት ያስቡ። «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ በል። ሰው ያጠፋል» አሉት። እሱም «ያላጠፋሁትን?» አላቸው። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ከዚያ ወዲያ የስፌት መኪናቸውን አላስነኩትም። በዚያ ፋሲካ ዶሮዋ በራቸው ላይ ታስራ ውላ እዚያው ቀረች፤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በበራቸው ያለፍሁት መንገዴ ሆኖ ሳይሆን ይህንኑ ላይ ስል ነው። ሌላው የዳባት ሰውም ቀስ በቀስ ብስክሌቱን ወደ ጎንደር መላክ ጀመረ። እትዬ ዘነቡ ያላመኑትን ሰው ማን ያምነዋል። ክረምት ከመግባቱ በፊት የሳልሳ ጣሳዎቹ ከግድግዳው ወረዱ።

ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ። የአንድ ጾም ሙሉ ስግደት አዘዙኝ፤ ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድሁ። ቄሱ፣ ሰውየውንስ ይቅር በለኝ ብለኸዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አገር ለቆ ሄዷል አልኋቸው። ያን ቀን ሲራጅ ገና ዳባት ነበር። ከንስሐው ውስጥ ሁለተኛ ውሸት ዋሽቼ ወጣሁ፤ በስግደቱ ግን ነጻሁ ብዬ አሰብሁ። ከእግዚአብሔር ጋር ከጨረስሁ ከሰው ጋር ምን ቀረኝ የሚል ስሌት ነበር። እንደኔ ያሰሉ ብዙ ሰዎች ዛሬም በየደጀ ሰላሙ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይህን ካነበቡ ቁጭ ብለው ያስቡበት። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ወደ ደባርቅ ተዛወርሁ፣ ልጆች መጡ። ትልቁ ልጄ አንድ ቀን የግድግዳ ሰዓት ፈትቶ ሲያበላሽ ለቁጣዬ ማስረጃ የሚሆን ታሪክ አስፈለገኝ፤ አፌ ላይ የመጣው የሲራጅ ስም ነው። በመጀመሪያው ምላሴ ከብዶኝ ነበር። በአሥረኛው ግን ራሴም አመንሁት። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ስለራሱ የሚዋሸውን ያህል ጠላቱም አይዋሽበትም።

በጎማው ላይ ተቀምጬ ይህ ሁሉ ሲያልፍብኝ ትርሲት ሽማግሌውን ማጫወት ይዛለች። «ጋሼ፣ አይዘኑብን» ትላቸዋለች። «አባቴ ነው እንዲህ ያደረገው። እኛ ቤት ይሄ የሲራጅ እጅ ይባላል።»

«የማን እጅ?» አለ ሲራጅ።

ነገረችው። አንድም ሳታስቀር፣ እኔ እንደምነግራት አድርጋ፣ እጇን እንደኔ እያወናጨፈች፣ ድምፄን ሳይቀር እያስመሰለች ነገረችው። ሲራጅ ጎማውን ተወ። ሁለት ጊዜ «ከዚያስ?» ብሎ ጠየቃት። አቁሚ ማለት እችል ነበር፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ መንገዱን ነበር የማየው፤ ከጉሙ ውስጥ የተጫኑ በቅሎዎች ብቅ እያሉ መልሰው ይጠፋሉ። ትርሲት ታሪኩን በማጠቃለያ ምክሩ ጨረሰች፤ ያጠፋ ሰው አጠፋሁ ቢል ኖሮ ስሙን አያጣም ነበር የሚለውን።

«ማን ነገረሽ?»

«አባቴ። አብረው ነበሩ፤ በዓይኑ ያየው ነው።»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ገና ሞተሩን እየገፋን ስንመጣ እንዳወቀኝ አሁን አወቅሁ። ወደ ብሎኑ ተመለሰ። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ቆርጦ በተበላው ጉድጓድ ላይ አደረገ፤ በላዩ ካቻቪቴውን አሳርፎ በደረቱ ክብደት ተጭኖ በጣም በቀስታ ሞከረው። አልዞረም። ላስቲኩን አነሣ፣ ላምባ ጨመረ፣ በካቻቪቴው እጀታ ዙሪያውን ኳ ኳ አደረገው፣ እንደገና ተወው። ትርሲት አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርገው ቢመቱትስ ብትለው «ብሎኑ ምን አደረገኝ?» አላት። በመጨረሻ ትንሽ መሮ አመጣና የብሎኑን ጭንቅላት ጠርዝ ላይ ጭረት አበጀ፤ በጭረቷ ውስጥ መሮውን ወደ ግራ አዘንብሎ በመዶሻ ይነካው ጀመር። መምታት አይባልም፤ ሰው በር ሲያንኳኳ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ከብዙ መንካት በኋላ ብሎኑ የምስር ፍሬ ያህል ዞረ። ከዚያ በፒንሳ ይዞ አወጣው። ውኃ የገባበት ቤንዚን ፈሰሰ። ብሎኑን በትርሲት መዳፍ ላይ አኖረላት።

ተነሣሁ። «ትርሲት፣ ሲራጅ የሚባለው ሰው እሳቸው ናቸው» አልሁ።

ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች።

«የነገርኋችሁ ውሸት ነው። ብሎኑን ያበላሸሁት እኔ ነበርሁ። እሳቸው አልነኩትም። አላጠፋሁም ያሉት እውነት ነው፤ በሐሰት የማልሁ እኔ ነኝ።»

ፈገግታው ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ነው የጠፋው። እኔን አላየችኝም። ሄዳ የሲራጅን ጉልበት ልትስም ጎነበሰች፤ ክንዷን ይዞ አስቀራትና «አንቺ ምን አደረግሽ» አላት። እኔ መንገዱ ዳር ካለው ክምር ድንጋይ ላነሣ ሄድሁ፤ አባቶቻችን ይቅርታ ሲጠይቁ በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ነው። ይህንንም ሳላስበው አልቀርም፤ መንገደኛው ቢያየኝ ትሑት እመስል ነበር።

«ድንጋዩን ተወው፣ ይርጋ» አለኝ። «ድንጋይ ምን ያደርግልኛል?»

ምን ላድርግልህ አልሁት።

«እትዬ ዘነቡ አለች?»

አሉ፤ ዳባት ናቸው፤ ዘጠና ሳይጠጉ አይቀሩም አልሁት።

«በዳባት ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት ነው የማዞር። የሰው ሁሉ ጥርጣሬ ከልቤ ወጥቶልኛል፤ የሷ ግን አልወጣልኝም።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ አውቀዋለሁ። ለሷ ንገር።»

ያን ጊዜ እንኳ፣ እግዜር ይወቅልኝ፣ መንገድ ፈለግሁ። አርጅተዋል፣ ረስተውት ይሆናል፣ ለምን በዕድሜያቸው ማብቂያ እናስጨንቃቸዋለን አልሁ። አንቺ ያላየሽውን ካልረሳሽ እሷ ያየችውን እንዴት ትረሳዋለች ብሎ የጠየቀው ትርሲትን ነው፤ እኔን አይደለም። ትርሲትም ለእሱ «ነገ ጠዋት አደርሰዋለሁ» አለችው። እንደ ዕቃ ተነጋገሩብኝ። ተገቢ ነበር።

በማግሥቱ ከልጄ ኋላ ተፈናጥጬ ወደ ዳባት ወረድሁ። በዚህ መንገድ አንድ ዘመን ቀይ ሞተር ይዤ ስበር የገብስ አጫጅ ቀና ብሎ ያየኝ ነበር፤ አሁን የልጄን ጃኬት በሁለት እጄ ጨብጫለሁ። አስፋልቱ ጥሩ ነው፤ አቧራ የለም፤ ገብሱ ግራና ቀኝ እንደዚያው ነው።  ግማሽ መንገድ ላይ ትርሲት ሞተሩን ዝግ አደረገችውና ፊቷን ሳትመልስ «በሳቸው ስም ስንት ጊዜ ነው የገረፍኸኝ?» አለች።

«አልቆጠርሁም» አልሁ። ከዚያ የተሻለ መልስ ቢኖረኝ እሰጣት ነበር።

እትዬ ዘነቡ ከቤታቸው በራፍ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ወጥተው ተቀምጠው አገኘናቸው። በግራቸው ሻይ ቤት አለ፤ በቀኛቸው መኪና የሚጠብቁ ሰዎች ከነጓዛቸው ቆመዋል። በየዓመቱ ለማርያም በዓል እየሄድሁ ሰላም ስለምላቸው አወቁኝ፤ ጉንጬን ሳሙኝ፣ ስለ ልጆቼ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። አጠገባቸው ተንበርክኬ ወደ ጆሮአቸው ተጠጋሁ። ማታውን ያዘጋጀሁት ረጅም መግቢያ ነበረኝ፤ ስለ ወጣትነት፣ ስለ ሰይጣን ፈተና። በለሆሳስ ጀመርሁ። አልሰሙኝም። ጆሮአቸው እንደሄደ አውቅ ነበር፤ እስከዚህ ድረስ መሆኑን ግን አላስተዋልሁም፤ እስከዛሬ ከጤና ይስጥልኝ ያለፈ ነገር ነግሬአቸው አላውቅምና።

«ከፍ አድርገህ ንገረኝ» አሉ።

መግቢያውን ተውሁት። «ያን የሞተር ብሎን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልሁ፤ ድምፄ ከሻይ ቤቱ ደረሰ።

«ከፍ አድርግ፣ ልጄ።»

«ብሎኑን እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሲራጅ አልነካውም። ሲራጅ ንጹሕ ነው።» እየጮህሁ ነበር። ሻይ የያዙት ሰዎች ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ጎንደር፣ ጎንደር» ሲል የነበረው የመኪና ረዳት መጥራቱን ትቶ ወደኛ ዞረ።

እትዬ ዘነቡ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ከዚያ ፊታቸውን ወደኔ መለሱ፤ ዓይናቸው ደኅና ነው፣ አጥርተው ነው ያዩኝ።

«በማርያም ብለህ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«እ?»

«አዎ፣ በማርያም ብዬ ዋሽቻለሁ። ጥፋቱ በእሱ ላይ እንዲወድቅ ነው የዋሸሁት።»

ቀና ብለው ሻይ ቤቱን አዩ፣ መንገደኞቹን አዩ፣ ከሞተሯ አጠገብ የቆመችውን ልጄን አዩ። አፍረው ነው፤ በእኔ ፋንታ አፍረው። እጅጌዬን ያዝ አደረጉና ወደ ራሳቸው ሳቡኝ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«ቀስ በል፣ ይርጋ» አሉኝ። «ሰው ይሰማል።»

«ይስማ፣ እትዬ» አልሁ።

አልሰሙኝም። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከእሑዱ ቀን ጀመርሁላቸው።